ሚጌል የሚባለው አራጅ

ኮርዶባ በገባን ቀን ጋባዦቻችን አባቴን «ሥጋ የማይበሉ» ብለው መዘገቧቸው። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የሚበላበት በዓለ ሃምሳ። አባቴ የሸሹት ሥጋውን ሳይሆን አራጁን አለማወቃቸውን ነው። ሳህኑ ሲቀርብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ማን አርዶት?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳህኑን ላቀረበችው ሴት በእንግሊዝኛ «አትክልት ይወዳሉ» ብዬ ተረጎምኩ። የወይራ ፍሬና ዳቦ መጣ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ እኔም ጨዋ የሆንኩ መሰለኝ።

ጽዮን ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰው ፊቴ ሲከፋ ማየት አልችልም፤ በሽታዬ ይህ ነው። ፈተና የወደቀን ተማሪ «ትንሽ ነው የቀረህ» እላለሁ፣ ጎረቤት ያሠራችውን የማያምር ጥለት «እንዴት ያምራል» እላለሁ። እናቴ ማንጠግቦሽ «አንቺ ልጅ አስከሬን ታቅፈሽ ተሽሎታል የምትይ ነሽ» ትለኛለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ የአባቷ አፍ ሆና ባሕር የተሻገረችው።

አባቴ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል የስማዳ ሰው ናቸው፣ ከወገዳ ወዲያ። ድጓ ሊማሩ ጋይንት ሄደው ብራና ፋቂ ሆነው ተመለሱ። ድምፃቸው ለማኅሌት እንቢ ቢል መምህራቸው «አንተን ጉሮሮህ አይዶለም እጅህ ነው የሚዘምር» ብለው መፋቂያ አስጨበጧቸው። ከዚያ ወዲህ አርባ ሁለት ዓመት ፍየል ቆዳ እየወጠሩ፣ እየፋቁ፣ እያሰመሩ፣ እየጻፉ ኖሩ። ገበያ ሲወጡ እንደ ሰው ሁሉ የፍየሉን ሽንጥ አይጨብጡም፤ ቆዳውን በጣታቸው ያሹና ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ። ነጋዴዎቹ «መሪጌታ፣ ፍየሉ እኮ ነፍስ አለው፣ መጽሐፍ አይዶለም!» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው አይስቁም። በሥራቸው ቀልድ አያውቁም።

በሥራቸው አንድ የማይነቃነቅ ሕግም አላቸው፣ ከመምህራቸው የወረሱት። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚሆን ቆዳ በክርስቲያን እጅ፣ በስመ ሥላሴ ተባርኮ ከታረደ ፍየል መምጣት አለበት። ሌላው ለጠፍር፣ ለአቁማዳ፣ ለመኝታ ይሆናል፤ ለመጽሐፍ ግን አይሆንም። በእኛ አገር ይህ ማንንም አያስቀይምም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሰርግ ሲጠሩን ለእኛ የሚታረደውን ክርስቲያን ጠርተው ያሳርዱታል፤ እኛም ስንጠራቸው እንዲሁ ነው። ማን አረደው ብሎ መጠየቅ እዚያ ሰላምታ ያህል ነው።

ኮርዶባ የጠራችን በቆዳዋ ምክንያት ነው። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ በቆዳ ሥራ የታወቀች ናት፤ እዚያ ያሉ የእጅ ባለሙያዎች በየዓመቱ ግንቦት መግቢያ ላይ የቆዳና የብራና ሳምንት ያከብራሉ። አንድ ተመራማሪ ደብራችን መጥቶ አባቴን ሲፍቁ ፎቶ አንሥቷቸው ነበርና ግብዣው በእሱ በኩል መጣ፤ ሰው ፊት ቆዳ እንዲወጥሩ፣ እንዲፍቁ፣ በመጨረሻውም ቀን እንዲጽፉበት። አባቴ መጀመሪያ እንቢ አሉ። ለደብራችን አራት ዓመት ሙሉ የሚጽፉት ተአምረ ማርያም ሊያልቅ አንድ ቅጠል ብራና ብቻ ቀርቶታል፤ የመጀመሪያው ቅጠል። እሱን ለተመረጠ ቆዳ ብለው ነው ያቆዩት። ኋላ ግን «የቆዳ አገር ከሆነ ቅጠሌን እዚያው እሠራዋለሁ» ብለው ተነሡ፤ አራት ምርጥ የደረቁ ቆዳዎችም ይዘው።

አራቱም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተወሰዱ። ያልተሠራ የእንስሳ ቆዳ አይገባም፣ ሕጉ ነው። አባቴ ልጅ እንደተቀማ ሰው ባዶ እጃቸውን እያዩ ቆሙ። እኔ «ሌላ ይሰጡናል፣ አይዞዎት» አልኩ። ይሰጡን አይሰጡን የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሰጡን፤ የሰጠችን ሮሲዮ ናት። ሮሲዮ ስድሳ ዓመት የሞላት ቆዳ ሠሪ ነች፣ ጣቶቿ እንደ አባቴ የተሰነጣጠቁ። የአባቴንና የእሷን እጅ ጎን ለጎን ያየ ወንድምና እህት ይላል። ግቢዋ መሐል ፏፏቴ አለው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የአበባ ማሰሮ የተሰቀለበት ነው፤ በዚያ ወቅት ከተማው ሁሉ ግቢውን በአበባ ሞልቶ በሩን ለጎብኚ ይከፍታል። አባቴ አበባውን አንጋጠው አይተው «ቀፏቸው የት ነው?» አሉኝ። ቀፎ የላቸውም ስላቸው «ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ብለው አዘኑ።

ሮሲዮ ያመጣችውን እርጥብ የፍየል ቆዳ ገለጠችላቸው። አባቴ አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ወደ ብርሃን አንሥተው በጀርባው ተመለከቱ። አንድም የቢላ ጭረት የለበትም። እንዲህ ያለ ቆዳ በአርባ ሁለት ዓመት ሁለቴ ነው ያገኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያረደው ማነው?» አሉ።

ጠየቅኋት። ሮሲዮ ፊቷ በርቶ «ኢድሪስ ነው» አለችኝ። «የሞሮኮ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፤ በዚህ አውራጃ እንደ እሱ የሚገፍፍ የለም። ቆዳ ከእሱ ነው የምገዛው።»

የአባቴ ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል። ወንበሮቹ ተደርድረዋል። እውነቱን ብናገር አባቴ ቆዳውን በክብር አጣጥፈው እንደሚመልሱት አውቃለሁ፤ የሮሲዮ ፊት ሲከፋ፣ ሰው ሲበተን፣ ሁሉም ታየኝ። ሌላ ቆዳ ይገኝ እንደሆን መጠየቅ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ክርስቲያን ነው፣ አባየ» አልኩ።

«እጁ ይባረክ። ስሙን ጠይቂልኝ፣ የክርስትና ስሙን። በጸሎት አስበዋለሁ።»

ወደ ሮሲዮ ዞሬ «ምሳ በስንት ሰዓት ነው?» አልኳት። መለሰችልኝ። ወደ አባቴ ዞሬ «ሚጌል ይባላል፤ በእኛ ሚካኤል ማለት ነው» አልኩ።

«የስሜ ግማሽ!» አሉ። በጉዞው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ቆዳው ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠርዙን በስተው በገመድ አራት ማዕዘን እንጨት ላይ ወጠሩትና መፋቅ ጀመሩ። ሰው በሽ ነው፤ አባቴ ግን ማንንም አያዩም። መፋቂያው ሽው ሽው ይላል፣ ጮማው እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ ቆዳው እየነጣ ይሄዳል። ሮሲዮ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትመለከታለች፣ ገመዱ ሲላላ ሳይነግሯት ታጠብቃለች። ያለ እኔ ይግባባሉ። እኔ ዳር ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ።

ክፍሎቻችን በቀጭን ግድግዳ ብቻ የተለዩ ነበሩ። በየማለዳው ውዳሴ ማርያማቸውን አድርሰው ሲጨርሱ የሰው ስም ይጠራሉ፤ የእናቴን፣ የእኔን፣ የሙታኑን። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨመረ፤ «ተዘከሮ እግዚኦ ለገብርከ ሚካኤል»። በዓለም ላይ የሌለ ሰው፣ ከምሳ ሰዓት ጥያቄ የወለድኩት ሰው፣ በአባቴ ጸሎት ውስጥ ይታሰባል።

ሮሲዮንም አልተውኳትም። «አባቴ ቆዳውን ለገፈፈው ሰው በየቀኑ ይጸልያሉ» ብዬ ነገርኳት። ይህ ግማሹ እውነት ስለሆነ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ሮሲዮ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔን ግን የባሰ ነው የጨነቀኝ።

በአራተኛው ቀን ሥራ ስላልነበረ ታላቁን ቤተ ክርስቲያን እንድንጎበኝ ሆነ። እዚያ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። በድልድዩ ተሻገርን፤ በሮማውያን ዘመን የተሠራ ነው አልኳቸው፣ ወንዙ ደግሞ ክረምት ላይ እንዳለ በሽሎ የደፈረሰ ነው። ግማሹ ላይ ስንደርስ አፌን ከፈትኩ። «አባየ» አልኩ። «ወይ» አሉ። «ጥላው ይሻላል፣ በዚህ በኩል ይሂዱ» አልኩ።

በሩ ላይ አባቴ ጫማቸውን አወለቁ። ዘበኛው ፈገግ ብሎ፣ በእጁ እያመለከተ ያድርጉት አላቸው። «ታዲያ በምን እናክብረው?» ብለው እያጉረመረሙ አጠለቁት፤ ውስጥ ሲገቡም ወለሉ እንዳይሰማቸው ይመስል በጣታቸው ነበር የሚረግጡት። ዓምዱ ማለቂያ የለውም። በላይ በላዩ ቀይና ነጭ የተዥጎረጎረ ቅስት ይዘረጋል፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው። አባቴ ዓምዶቹን መቁጠር ጀመሩና ስድሳ ላይ ጠፋባቸው። በአንድ በኩል በወርቅ ያጌጠ፣ በዓረብኛ የተጻፈበት የመስጊዱ ምሕራብ፣ የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያሳየው ቅስት፣ አለ፤ መሐል ላይ ደግሞ ጣሪያውን ሰንጥቆ የወጣ መንበርና የመዘምራን ቦታ ቆሟል። መጀመሪያ መስጊድ እንደነበር፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ ከተማዋን ሲይዝ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ ሁለቱም እንዲሁ አብረው እንደቀሩ ነገርኳቸው።

«ፍቀው ሳይጨርሱ ጻፉበት» አሉ። ብራና ፋቂ የሚለው ይህንኑ ነው።

ለመናገር በር የተከፈተልኝ መሰለኝ። «አባየ፣ መስጊድ የነበረ ቤት ለቅዳሴ ከሆነ... ያረደው ሌላ ቢሆን፣ ቆዳንም እንዲሁ ጸሎት አያነጻውም?»

ዞረው አዩኝ። «እነዚህ ሰዎች ምን ላይ እንደሚጽፉ ያውቁ ነበር። አውቀው ነው ያደረጉት፤ ፍርዱ የእነሱና የፈጣሪ ነው። እኔም አውቄ ባደርገው ከአምላኬ ጋር እነጋገርበት ነበር። ሳያውቅ ያደረገ ሰው ግን ምን ብሎ ይነጋገራል? ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ደግ ጥያቄ ነው» አሉ፤ ልጃቸው ያስተዋለች መስሏቸው ደስ አላቸው። ከዚያም ያን የፈራሁትን ተናገሩ። «ያ ቆዳ የመጀመሪያው ቅጠል ይሆናል። ከዚህ የተሻለ በሕይወቴ አላገኝም። ከነገ ወዲያ በቀዩ ቀለም እጀምረዋለሁ። የሚጌልንም ስም በግርጌው አኖርለታለሁ፤ በየወሩ በሃያ አንድ ሲነበብ ይታሰባል፣ ሕዝቡም ቅጠሉን ሲሳለም ስሙን ይሳለማል።»

የደብራችን ሰው በሙሉ፣ ሽማግሌው ሁሉ፣ ነፍሰ ጡሯ ሁሉ፣ ግንባሩን የሚያስነካው የእኔ ውሸት ላይ ሊሆን ነው። ዓምዶቹ መሐል ቆሜ ልናገር ነበር። አንድ የጎብኚዎች ቡድን በመካከላችን አለፈ። ሲያልፍ የነበረኝ ድፍረትም አብሮ አለፈ።

ወደ ማረፊያችን እንደተመለስን ለእናቴ ደወልኩ። «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ ገና ሳልጀምር። ሁሉንም ነገርኳት።

«ዛሬውኑ ንገሪው። ቀለም ሳይነካው።»

«ቀለም ከነካውስ?»

«ቆዳውንማ ይፍቀዋል። አንቺን በምን ይፍቅሽ?»

ዛሬውኑ አልነገርኳቸውም። አምስተኛውን ቀን ሙሉ ቆዳውን በሻካራ ድንጋይ ሲያለሰልሱ፣ ቅጠሉን ሲቆርጡ፣ በወስፌ መስመሩን ሲያሰምሩ «አሁን፣ ይህችን መስመር ሲጨርሱ» እያልኩ ዋልኩ። መስመሩ አለቀ። ምሳዬን ሳልነካው መለስኩት። አባቴ «የዚህ አገር ውኃ አልተስማማሽም» ብለው የራሳቸውን ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሰባ የሚሆን ሰው ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ቅጠሉን ጉልበታቸው ላይ ባለው ሰሌዳ ዘርግተው፣ የመቃ ብዕራቸውን ቀዩ ቀለም ባለበት ቀንድ ውስጥ ነከሩ። ጠብታው ቀንዱ አፍ ላይ እስኪረግፍ ጠበቁ። በዚያች ቅጽበት ሮሲዮ አንድ ሰው በክንዱ ይዛ መጣች። ዕድሜው አምሳ የሚሆን፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ፂሙን ያሳመረ ሰው። በደስታ ልትፈነዳ ደርሳለች። «ይኸው ኢድሪስ!» አለችኝ። «እንደሚጸልዩለት ነገርኩት። ሊያመሰግናቸው ሥራውን ጥሎ ነው የመጣ።»

አባቴ ብዕራቸውን አየር ላይ እንደያዙ «ይሄስ ማነው?» አሉ።

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሰባው ሰው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። በዚያ ግቢ አማርኛ የምንሰማው ሁለት ብቻ ነን።

«አባየ፣ ሚጌል የሚባል ሰው የለም» አልኩ። «ፍየሉን ያረደው ይህ ሰው ነው። ኢድሪስ ይባላል፣ እስላም ነው። ሮሲዮ የዚያን ቀን ነግራኛለች። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ብዕሩን ከቅጠሉ አርቀው ቀስ ብለው ቀንዱ ላይ አሳረፉት። አንዲት የቀለም ነጥብ አልወረደችም። «አምስት ቀን?» አሉ።

«አምስት ቀን።»

«በጸሎቴ ውስጥ ያልተፈጠረ ሰው አስገባሽብኝ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «ተርጉሚ» አሉኝ።

አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ሮሲዮ በስፓንኛ ታሰማለች።

«ይህ ሰው ኢድሪስ ይባላል። ይህን ቆዳ የገፈፈው እሱ ነው፤ እንደ እሱ ያለ እጅ በአገሬ አላየሁም።» ተረጎምኩ። ሰው አጨበጨበ፣ ኢድሪስ አቀረቀረ።

«በእኛ ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚጻፈው ክርስቲያን ባረደው ፍየል ቆዳ ላይ ነው። እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም፣ እሱ ባረደው ላይ እኔ አልጽፍም። ይህ ለእሱም ለእኔም ነውር አይዶለም።» ተረጎምኩ። ጭብጨባ የለም። ኢድሪስ ግን ቀና ብሎ አባቴን እያየ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ እዚያ ካለው ሁሉ ነገሩ ያልከበደው እሱ ብቻ ነበር።

«ስለዚህ ዛሬ አልጽፍም። ለደከማችሁት ይቅርታ አድርጉልኝ።» ይህንንም ተረጎምኩ። አበቃ ብዬ ተነፈስኩ።

አላበቃም። «ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ነበር» አሉ። «ልጄ ዋሸችኝ። የሌለ ሰው ስም ፈጥራ ሰጠችኝ።»

ሁሉም አፌን ያያል። «ልጄ እውነቱን አሁን ነገረችኝ» የሚለው እንግሊዝኛ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ውሸት እንኳ አይደለም፣ ማንም አይከፋውም፣ ሮሲዮም አታፍርም። አባቴ ከእንግሊዝኛው አንድ ቃል አይሰሙም። እንደ ልማዴ ላለሰልሰው የቀረኝ ከንፈሬን ማላቀቅ ብቻ ነበር።

እሳቸው እንዳሉት አልኩት። ዋሸሁ የሚለውንም፣ ስሙን ፈጠርኩ የሚለውንም።

ሮሲዮ ወዲያው አልቀጠለችም። በእርግጥ እንዲህ አሉ? እንደማለት አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀስ ብላ በስፓንኛ አሰማችው።

«ሁሉንም አልሽው?» አሉኝ አባቴ።

«ሁሉንም፣ አባየ።»

እኔን አላዩኝም። ወደ ሮሲዮ ዞረው ፊቷን መረመሩ፤ አፏን በእጇ ይዛለች። ከእሷ ወደ ኢድሪስ አለፉ። ኢድሪስ ስለ እኔ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። እሱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ቃላቸውን ከሁለቱ ፊት ካነበቡ በኋላ ነው «አዎ፣ ብለሽዋል» ያሉኝ።